የወተት ጣሳው ጠባቂ

ለተጊዮርጊስ ወተት እንድትጠብቅ የተሾመችው ወተት ስለማትቀምስ ነው። ዐቢይ ጾም በገባ ማግስት፣ ናጉሩ ኮረብታ ላይ ያለችውን ትንሽ ላቦራቶሪ የሚመራው ዶክተር ሙሉነህ የዱቄት ወተቱን ጣሳ አስረከባት። «ድመት ወተት አይጠብቅም፣ እትዬ ለተ። እርስዎ ግን ጾመኛ ነዎት» አላት።

ላቦራቶሪ ወተት ምን ያደርግለታል? ሥራቸው ከአር ኤን ኤ ጋር የሚጣበቅ አንድ ፕሮቲን መፈለግ ነው። ፈላጊው ከጥንቸል ደም የተገኘ አንቲቦዲ ነው፤ ከሺህ ፕሮቲን መሃል የራሱን ለይቶ ይይዛል። ታዲያ ፕሮቲኖቹ የሰፈሩበት ስስ ነጭ ሜምብሬን አስቀድሞ ወተት ካልጠጣ፣ አንቲቦዲው ባገኘው ባዶ ቦታ ሁሉ ይለጠፍና ሜምብሬኑ ይጠቁራል።

ባለፈው ሳምንት ጠቆረ። የድስት ቂጥ መሰለ።

«ዕድሜ ሳይጫንዎት አልቀረም፤ ጥፋቱ የእጅዎ ነው» አላት ሙሉነህ። «የቀረው አንቲቦዲ ለአንድ ጊዜ ብቻ ይበቃል። አሁንም ከጠቆረ ኮንትራትዎን ማደስ ይቸግረኛል።»

ከአገር ከመውጣቷ በፊት አራት ኪሎ ላቦራቶሪ ውስጥ ሃያ ዓመት የተማሪ እጅ ስታቃና የኖረች ሴት ናት። በማግስቱ ከማኪንድዬ ሰፈሯ በቦዳ ሞተር ስትመጣ መንገዱን ሙሉ ጣቶቿን ዘርግታ ስታያቸው ነበር፤ ባለሞተሩ «ማዳም፣ ያዢ እንጂ!» እስኪላት ድረስ። አንዳቸውም አልተንቀጠቀጡም።

ላቦራቶሪ ገብታ ዱቄቱን በውሃ በጠበጠች። ወተት ይሟሟል፤ ይሄ ግን ዘቅጦ ቁጭ አለ። እንዳትቀምሰው ጾም ነው። አሸተተችው። ፖሾ! አንዱ ወተቱን ጠጥቶ ጣሳውን በበቆሎ ዱቄት ሞልቶላታል።

በአራት ሰዓት በረንዳው ላይ ሻይ አቀረበች። «ዛሬ ከእኔ ጣሳ ልጋብዛችሁ።»

ባልደረባዋ ሱልጣና ሁለት ማንኪያ ጨምራ ፉት አለችና ፊቷን አጨማደደች። «እትዬ፣ ይሄ ሻይ ነው አጥሚት?»

«ለእርስዎስ፣ ዶክተር? ስንት ማንኪያ?»

ሙሉነህ ሻይ ያለ ወተት የኩባያ እጣቢ ነው የሚል ሰው ነበር። «ዛሬ ጥቁር ይሁንልኝ» አለ።

«ምነው በደህና?»

ጣሳውን አየ፣ እሷን አየ፣ ሰማዩን አየ። «ጾም... ጀመርኩ።»

«እልልል! ሱልጣና፣ ምስክሬ ነሽ! እንግዲህ እስከ ፋሲካ አብረን ነን ዶክተር። ሽሮውን እኔ አመጣለሁ።»

ሙሉነህ ሻዩን ሳይጨርስ ቦዳ ጠርቶ ቁልቁል ወረደ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያልተከፈተ ወተት ይዞ ተመለሰ። ወተት አምጣ ያለው ሰው አልነበረም።

ለተጊዮርጊስ ሜምብሬኑን ወተት አጠጣችው፤ የመጨረሻዋን የአንቲቦዲ ጠብታም አፈሰሰች። በነጋታው ሜምብሬኑ እንደ ነጠላ ነጥቶ፣ መሃሉ ላይ ኩል የተቀባ ቅንድብ የመሰለች አንዲት ጥቁር መስመር ብቻ ታየች፤ የሚፈልጉት ፕሮቲን።

ሙሉነህ መስመሯን ጎንበስ ብሎ አያት። «እጅዎ...» ብሎ ጀመረና ብዕሩን አወጣ። ኮንትራቱን የዚያኑ ቀን ፈረመ።

አሁን በየጠዋቱ ጥቁር ሻይ ይጠጣል። ለፋሲካ ስንት ቀን እንደቀረ የምትነግረው ለተጊዮርጊስ ናት፤ ያውም ሳትጠየቅ።