የሂንዳዊያው ብረት ሠሪ

አያቴን በተወለዱበት መንደር «አንቱ» ያላቸው ሰው አልነበረም። ማረሻ የሚያሠሩ፣ ማጭድ የሚያስሉ ገበሬዎች ሁሉ፣ በዕድሜ ልጃቸው የሚሆኑት ሳይቀሩ፣ «አንተ» ነበር የሚሏቸው። ቀጥቃጭ ነበሩ። እኔ እዚህ አንቱ እላቸዋለሁ፤ ደስ የማይለው ካለ ከአሁኑ ማንበቡን ይተወው።

እናቴ ስለ አባቷ የምታውቀው ጥቂት ነው። ሕፃን ሳለች ለሐጅ ብለው ወደ መካ ሄዱ፤ አልተመለሱም። እዚያው ታመው ሞቱ የሚል ወሬ ሲመጣ እናቷ ልጇን ይዛ ደሴ ገባች። ደሴ ማንም አያውቃቸውምና ቀጥቃጩ ነጋዴ ተባሉ። እናቴ የነጋዴ ልጅ ተብላ አደገች፣ የነጋዴ ልጅ ተብላ ተዳረች። እውነቱን የነገረችኝ እኔ ወደ ጅዳ ለመሄድ ሻንጣዬን ስዘጋ ነው። ያገሬ ሰው የየት ነሽ ቢለኝ የደሴ ነኝ እንድል፣ የመንደሩን ስም እንዳልጠራ አስጠነቀቀችኝ። ለምን ብዬ ስይዛት ተናገረች።

ያን ጊዜ ከወሎ ሴት ልጁን ዓረብ አገር ያልላከ ቤት ማግኘት ይከብድ ነበር። እኔ ጅዳ፣ ሳፋ ሰፈር ከአንድ ቤተሰብ ዘንድ ተቀጠርኩ። ቤት አጸዳለሁ፣ የማዳምን አሮጊት እናት እንከባከባለሁ። በረመዳን መጨረሻ ቤተሰቡ መካ ቤት ተከራይቶ ሲሰነብት አሮጊቷን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ሐረም፣ ትልቁ መስጊድ የማደርሳቸው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ የዐስር ሶላት እንዳበቃ፣ በውጭው ግቢ ጥላ ስር አረፍ ብለን ሳለ፣ አጠገባችን የተቀመጡ ሽማግሌ በአማርኛ ሰላም አሉኝ። ብዙ ዘመን መካ የኖሩ የወሎ ሰው ናቸው። የየት ነሽ ሲሉኝ እናቴ የከለከለችኝን ስም ጠራሁት። በዚያ ቦታ መዋሸት አስጠልቶኝ ይሆናል። ሽማግሌው አሰብ አደረጉና ከዚያ መንደር የመጣ አንድ ሰው ብቻ አውቅ ነበር አሉ፤ ጅዳ ውስጥ፣ ሂንዳዊያ ሰፈር ብረት ይሠራ የነበረ፣ ዓረቦቹ «ሐዳድ» የሚሉት፣ ብረት ሠሪው ለማለት። በሐጁ ጊዜ አልሞቱም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ኧረ ሸምግሎ ነው የሞተው፣ አላህ ይዘንለት። ልጅም አለችው» አሉኝ።

ደስ አላለኝም፤ ተናደድኩ። እናቴ አባት የለኝም እያለች ስታድግ ሰውየው እዚህ በልተው ጠጥተው ይኖሩ ነበር።

ጅዳ እንደተመለስን ማዳምን የዓርብ ፈቃድ ጠየቅኳት። ዘመድ የለኝም ብለሽኝ አልነበረም ወይ አለችኝ።

«አሁን አገኘሁ» አልኳት።

አይሆንም አለች። ዓርብ ሲደርስ ሥራዬን ጨርሼ፣ አባያዬን ለብሼ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ወረቀቴን ስጪኝ አልኳት። ድምጿን ከፍ አደረገች፤ እኔ ከበሩ አልተነቃነቅኩም። አሮጊቷ ከክፍላቸው ሆነው ዘመድ መጠየቅ ኢባዳ ነው፣ ለአላህ መገዛት ነው፣ ተዊያት ባይሉ ነገሩ እንዴት ይቋጭ እንደነበር አላውቅም።

ሂንዳዊያ ሄጄ ጠያይቄ ደረስኩ፤ የአያቴ ሥራ ቤት ሞባይል መሸጫ ሆኗል። ጎረቤቱ የመናዊ ልብስ ሰፊ ግን በደንብ ያስታውሳቸዋል፤ በጠባቡ መንገድ ይዞኝ ሄዶ አንድ በር አንኳኳ። የከፈተችው ሴት የእናቴን ግንባርና ቅንድብ ይዛ ቆማለች። አክስቴ ናት። እናቷ ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ መጥተው እዚያው ከቀሩ ሰዎች የተወለደች ስለሆነች አክስቴ የምትናገረው ዓረብኛ ነው። ማን እንደሆንኩ ስነግራት በሩን እንደያዘች ብዙ አየችኝ፤ ከዚያ እጄን ስባ አስገባችኝ። የምታውቃቸው የአማርኛ ቃላት ወናፍ፣ መዶሻ፣ ፍምና «በርቺ» ናቸው። ልጅ ሆና ለአባቷ ወናፍ ትነፋ ነበር።

አያቴ ከሐጁ በኋላ ጅዳ ወርደው የመመለሻ መርከብ ሲጠብቁ አንድ ብረት ቤት በር ላይ ቆሙ አለችኝ። ባለቤቱ መዶሻ ሰጣቸው፣ ሥራቸውን አየ፣ በዚያው ቀሩ። የሰፈሩ የመስኮት ፍርግርግ ብዙው የሳቸው እጅ ነው። ጎረቤት ለሰርግ ይጠራቸዋል፤ ከሰው ጋር ከአንድ ሰሐን ይበላሉ። ለምን አገርህ አትገባም ብላ ስትጠይቃቸው፣ «እዚያ ሥራዬ ስድብ ነው፣ እዚህ ሥራ ነው» ብለዋታል። ስድቡ ምን እንደሆነ እስከዚያች ቀን አልገባትም ነበር። እኔ አስረዳኋት፤ ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል እንደሚባል፣ ገበሬ ልጁን እንደማይድርለት።

«ብረት ስለሠራ?» አለች። «ታዲያ ማረሻውን ከማን ሊያገኙ ነው?»

እናቴን ጥለው መቅረታቸውን ይቅር አልልም፤ ይህንንም ለአክስቴ ፊት ለፊት ነግሬያታለሁ። የሥራቸው ነገር ግን ሌላ ነው። በሱ የሚያፍር ካለ እኔ አይደለሁም።

ከዚያ በኋላ ጅዳ ሹፌር የሆነ ያገሬ ልጅ ለትዳር ጠየቀኝ። ወድጄው ነበር። ስለ አያቴ ነገርኩት፤ ምንም አይደለም አለኝ። ታላቅ እህቱ ከሌሎች የወሎ ሴቶች ጋር በተከራየችው ክፍል ምሳ ስትጋብዘኝ ግን ቀድሞ ደወለና ነጋዴ ነበሩ በይ፣ እሷ የድሮ ሰው ናት አለኝ። ሩዙን ከበን ተቀመጥን። እህትየው ዘሬን አንድ በአንድ ትጠይቀኝ ጀመር፤ የአባቴን ወገን ጨርሳ ወደ እናቴ አባት መጣች።

«ቀጥቃጭ ነበሩ» አልኳት።

አንደኛዋ ሴት እጇን ቀስ ብላ ከሰሐኑ አነሳች። እህትየው ወንድሜ ነጋዴ ናቸው ብሎኝ ነበር አለች።

«እሱ ብሎ ይሆናል። እኔ የምልሽ ቀጥቃጭ ነበሩ ነው።»

ከዚያ መብላቴን ቀጠልኩ። ከኔ ጋር የበላ የለም። እስክጠግብ በላሁ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ስላበሉኝ አመስግኜ ወጣሁ።

እሱ ከጥቂት ቀናት በኋላ ደውሎ ቤተሰብ ሳይሰማ ኒካሕ እንሰር አለኝ። ተደብቄ አላገባም አልኩት። አለቀስኩ፤ ያለቀስኩት ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ኮንትራቴ ሲያልቅ አገሬ ገባሁና ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሰማችኝ። ይህን ሁሉ ዘመን በሕይወት ነበሩ ወይ አለች፤ አዎ አልኳት። ከዚያ ስለ እህቷ ጠየቀች፣ ትመስለኛለች ወይ ብላ። በስልኬ ፎቶዋን አሳየኋት። ስልኩን ነጥቃኝ ጓዳ ገባች።

አሁን በስልክ ይገናኛሉ። እናቴ በአማርኛ፣ አክስቴ በዓረብኛ፣ እኔ መሃል ሆኜ አስተረጉማለሁ። አንድ ቀን ስንደዋወል አንዲት ጎረቤታችን ገብታ ማን ናት አለች።

«እህቴ ናት» አለች እናቴ። «የአባቴ ልጅ። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ ጅዳ ነው የኖረው።»

ጎረቤታችን ከዚያ ወዲህ ቤታችን አልመጣችም። እናቴም ለምን ቀረሽ ብላ አልላከችባትም።