ሁለት ሰው ብቻ የምትይዘው የዙልፋ መኪና

ዙልፋ መርሳ እያደረች ወልድያ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ናት። እናቷ ወይዘሮ መሪማ ከመርሳ ውጡ ቢሏቸው አይሰሙም፤ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ደግሞ ሌሊቱን ብቻቸውን መተው አይቻልም። ስለዚህ ልጃቸው በየቀኑ ማልዳ ሄዳ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች። በሚኒባስ ሞክራው ነበር። ሚኒባስ እስኪሞላ ይጠብቃል፤ ምጥ ግን አይጠብቅም።

መኪናዋ ድሬዳዋ የሚነግድ ወንድሟ ለራሱ ገዝቶ፣ ልጆች ሲወልድ አልበቃው ስላለች የሰጣት ቀይ የስፖርት መኪና ናት። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፤ ሆዷ ከአስፋልቱ ስንዝር ቢርቅ ነው። ዙልፋ እያንዳንዱን ጉብታ በሰያፍ፣ አንድ ጎማ በአንድ ጎማ እያለች ታልፈዋለች። የባጃጅ ልጆች አይተዋት ዝም አይሉም።

«ዙልፋ፣ አስፋልቱን እየላሰችው ነው እንዴ?»

«እናንተ መች ጠረጋችሁት» ትላቸውና ታልፋለች።

የባጃጆቹ ቀልድ ነው፤ የቅሬው ግን ቀልድ አልነበረም። መርሳ ላይ ሰው መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ለየብቻ ይሂድ እንጂ ሲሞት የሚሰበሰብለት እድር አንድ ነው፤ ቅሬ ይሉታል። ድንኳኑም፣ ቃሬዛውም፣ ቆፋሪውም የቅሬው ነው። መኪና ያለው አባል ሐዘን በደረሰ ቀን መኪናውን ይዞ ይቀርባል። ይህን የሚል የተጻፈ ደንብ የለም፤ ባያደርጉት የሚያሳፍር ነገር ደግሞ መጻፍ አያሻውም።

የቅሬው ዳኛ ሸህ አሚር በስብሰባ መሐል አስነሷት።

«ዙልፋ ልጄ፣ በደህናው ቀን ትበሪያለሽ። በክፉው ቀን ምን ይዘሽ ትመጫለሽ?»

«ራሴን፣ ሸህ አሚር።»

«ራስሽንማ በእግርሽም ታመጫለሽ። ይችን ለውጪና ሰው የምትጭን ያዢ።»

«ይቺ እንኳን ቀባሪ የቀባሪ ጫማ አትይዝም» አለ አንዱ ከኋላ። ተሳቀ።

«ገዢ ሁሉ አይቷት ስቆ ነው የሚሄደው» አለች ዙልፋ። «እሷን ካጣሁ ወይ ሥራዬን ወይ እናቴን ልተው ነው። ሁለቱንም አልተውም።»

«እኛንስ?»

«እናንተንም።»

ሽማግሌው እስከሚቀጥለው ስብሰባ አስቢበት አሏት። ከቅሬ የተለየ ሰው በቁሙ የሞተ መሆኑን ማንም አልነገራትም፤ ታውቀዋለች። የሚከብዳት ግን የራሷ ነገር አልነበረም። እናቷ ቢሞቱ ማን ያነሣቸዋል?

ስብሰባው ሳይደርስ ጎረቤታቸው አቶ በላይ አረፉ። ልጃቸው ቃልኪዳን ሐራ ላይ ልብስ ትሸጣለች። ሞት በስልክ አይነገርም፤ ብቻዋን አውቶቡስ ላይ እንዳትሳፈርና ከተሳፋሪ አፍ እንዳትሰማ ደግሞ አምጪ ያስፈልጋል። የመርሳ መኪኖች ቀባሪ ለማምጣት በየገጠሩ ተበትነዋል። ሸህ አሚር ወልድያ ሥራ ላይ ላለችው ዙልፋ ደወሉ። ተተኪ ለምና ወጣች።

ቃልኪዳን ከሱቋ ስትወጣ ቀይዋን መኪና አይታ ቆመች።

«አባቴን ምን ነካው?»

«አመማቸው አሉ። ግቢ።»

ወልድያን አልፈው ወደ መርሳ ሲታጠፉ ወደ ዙልፋ ዞረች።

«ሐራ እኮ መንገድሽ አይደለም።»

«ዛሬ መንገዴ ነው።»

«ዙልፋ፣ ማይልኝ።»

«እየነዳሁ አልምልም።»

ፊቷን መያዝ ታውቃለች፤ ሕፃን ተወልዶ አላለቅስ ሲል እናቲቱ እንዳትደነግጥ ስንቴ ይዛዋለች። ቢሆንም እውነቱን ልንገራት የሚል ሐሳብ መጣባት። የተማርኩ ነኝና ለምን አታልላታለሁ አለች በልቧ። መርዶ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ሴት ዙሪያውን ከቦ ይነገር የሚለውን ልማድ እንደ ማንዛዛት ትቆጥረው ነበር። አሁን ግን የራሷን እጆች አየች፤ ሁለቱም መሪው ላይ ናቸው። ቃልኪዳን ብትወድቅ የሚይዛት የለም። ለካ ያ ሁሉ ሰው የሚሰበሰበው ለወሬው ሳይሆን ለክንዱ ነው። ሳትነግራት ነዳች።

መርሳ መግቢያ ላይ የቅሬው ሰዎች አንድ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። በሩ ሲከፈት ሁለት ሴቶች ቃልኪዳንን ከሁለት ወገን ያዙ። አባቷ ከመቀበራቸው በፊት ደረሰችላቸው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ መለወጥ የተነሣ ነገር አልነበረም። «ድንኳኑ ለባለ ጭነቶቹ» አሉ ሸህ አሚር፤ «ሐዘንተኛ ማምጣት ለዙልፋ። አንድ ሰው ነው የምትይዘው፤ እሱ ይበቃል።»

«እሺ፣ ሸህ» አለች።

እሺታዋ ምን እንደሚያስከፍላት የገባት ቆይቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ከውርጌሳም፣ ከሐራም፣ ከወልድያም ብዙ ሰው አምጥታለች፤ አገሩም ቀይዋ መኪና ስትመጣ መርዶ እንዳለ ለየ። ዘመድ ልትጠይቅ ስትሄድ ከደጅ አታቆምም፤ ራቅ አድርጋ አቁማ በእግሯ ትገባለች። ባለፈው ከሥራ ስትመለስ ሲሪንቃ መንገድ ዳር ፍጥነቷን ቀነስ ብታደርግ፣ ቲማቲም ሻጯ ደረቷን ይዛ ተነሣች።

«ለማን ነው?»

«ለቲማቲም ነው፣ እትዬ።»

ሴትየዋ እጇን ከደረቷ እስክታወርድ ዙልፋ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ጠበቀቻት። ከዚያ ራሷ ወርዳ መረጠች፣ ስለ ዝናቡ አወራቻት፣ አሳቀቻት። እናቷ ለእራት እየጠበቋት ነው፤ ነገም ማልዳ ተረኛ ናት።