አንድ አስታማሚ ብቻ

እህቴ ሰላሳ አንድ ዓመት የሰው ስልክ ስታገናኝ ኖረች። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ ገመዱን ከዚህ ነቅላ እዚያ እየሰካች፣ «ይጠብቁ»፣ «ይነጋገሩ»፣ «መስመሩ ተይዟል» ስትል ዋለች፤ ጡረታ እስክትወጣ። የአገሩ ወሬ ሁሉ በእጇ ሲያልፍ የራሷን ግን ከሦስት ቃል በላይ አታወራም። እኔ ደግሞ የሷንም ድርሻ ጨምሬ አወራለሁ። ሰፈሩ «ሄሎ» እያለ ነው የሚጠራት። በስድስት ዓመት ስለምትበልጠኝ ለኔ እትዬ ናት፤ እሷም ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ እንኳ «አንቺ ልጅ» ማለቷን አልተወችም።

እሷ ሳታገባ ቀረች። እኔ አግብቼ በአሥራ ስምንተኛው ወር ሻንጣዬን ይዤ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ በወላጆቻችን ቤት አብረን ነው የኖርነው፤ እኔ ምድር ቤት የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ፣ እሷ ፎቅ ላይ። ቤቱ አሥራ አንድ ደረጃ አለው። ጡረታ በወጣች በሁለተኛው ዓመት ዳሌዋ ያማት ጀመር፤ መጀመሪያ ከዘራ ያዘች፣ ቀጥሎ ከዘራውም አልበቃ ብሎ ደረጃውን ተቀምጣ መውረድ ጀመረች። ከላይ ስትንፏቀቅ ስሰማ የማሽኑን ፔዳል ጠበቅ አድርጌ እረግጣለሁ፤ ድምፁን እንዳልሰማው።

ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን አይቶ፣ «መገጣጠሚያው አልቋል። ካልተቀየረ በዓመት ውስጥ አልጋ ላይ ትቀሪያለሽ» አላት። ዋጋውንም ነገረን። «ዶክተር፣ ይሄ የዳሌው ብቻ ነው ወይስ ከነቤቱ?» አልኩት። አልሳቀም። እትዬም አልሳቀችም።

ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ ስልክ ላይ ዋለች። ከድሮ የሥራ ባልደረቦቿ አንዷ ድንበር ተሻግራ የምትኖር ነበረች፤ እሷን እየደወለች ትጠይቃለች፣ ትጽፋለች፣ ታዳምጣለች። አንድ ቀን ምሳ ላይ ማንኪያዋን አስቀምጣ፣

«ልሄድ ነው» አለችኝ።

«ወዴት?»

«ማዶ። የቤት ኪራዩ የዚህ ሩብ ነው። ሕክምናውም እንደዚያው። ጡረታዬ ይበቃኛል።»

«ታክመሽ ልትመለሺ?»

«ለመኖር ነው። መድኃኒቱ፣ ክትትሉ፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚያዋጣኝ። ነይ አብረን እንሂድ። ማሽንሽ እዚያም ይሰፋል።»

«እኔ ደንበኛዬን ጥዬ የሰው አገር ልንከራተት? ኧረ ባክሽ!» አልኩ። ብዙ አልኩ። የእናትና የአባታችንን ቤት አነሳሁ፣ ጎረቤቱን አነሳሁ፣ በእርጅና አገር መቀየር የጤና አይደለም አልኩ። እሷ እስክጨርስ ጠበቀችኝና ሳህኗን አነሳች። በሳምንቱ ለሁለታችንም ፓስፖርት አስወጣች፤ የኔን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ «ለማንኛውም ይኑርሽ» አለችኝ። የክሩ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። የሄደች ቀን አውቶቡስ ተራ አልሸኘኋትም፤ ሥራ በዛብኝ አልኩ። እውነቱን ልናገር፤ የተናደድኩት ጥላኝ ስለሄደች ነው። ሌላው ሁሉ ሰበብ ነበር።

በየእሁዱ ትደውላለች። የተከራየችው ክፍል ምድር ላይ ነው፤ አንድም ደረጃ የለውም። መስኮቱ የጎማ ጠጋኝ ደጅ ያያል። ቋንቋቸው ለእኛ ቅርብ ስለሆነ ቀስ ብለው ካወሩ ይገባል። ፋርማሲው ኪኒኑን በፍሬ እየቆጠረ ይሸጣል። አትክልቱ ርካሽ ነው፣ ታክሲው ርካሽ ነው። እኔም በያንዳንዱ ርካሽ መሃል «እሰይ፣ ደግ አደረግሽ» እያልኩ ጥርሴን እነክሳለሁ።

በአራተኛው ወር አንድ እሁድ፣ «አንቺ ልጅ፣ የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ሰጡኝ» አለች።

«ተመስገን!»

«ያለ አስታማሚ ግን አያስተኙም።»

ከዚያም በዕድሜዋ አውርታ የማታውቀውን ያህል አወራች። እዚያ ሐኪም ቤት ነርሶቹ መርፌና መድኃኒት ብቻ ናቸው የሚሰጡት። ማብላቱ፣ ማጠቡ፣ ማገላበጡ፣ አንሶላ መቀየሩ የዘመድ ሥራ ነው። ለአንድ በሽተኛ አንድ አስታማሚ ብቻ፤ ዘመድ የሆነ፣ ፈርሞ የገባ፣ ለዳሌ አሥራ ሁለት ቀን ከአልጋው ሥር የሚተኛ። ያንን ያላመጣ ቀጠሮው ይሰረዛል። ለካ ርካሽነቱ ከዚያ ኖሯል የመጣው! እትዬ ኪራዩን፣ ኪኒኑን፣ ታክሲውን ሁሉ አስልታ ስትሄድ ሰው ማስላት ረስታለች።

«ትመጫለሽ?» አለችኝ።

እህቴ በሕይወቷ አንድ ነገር ስትለምነኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። እኔ ደግሞ ምን አልኩ? ትምህርት ሊከፈት ሦስት ሳምንት ቀርቶት፣ መቶ አርባ ዩኒፎርም ተቆርጦ ተከምሮ ነበር። እሱን ብል ይሻል ነበር። እኔ ግን ለወራት ያመቅኩትን እልህ ዘረገፍኩት።

«ርካሽ ነው ብለሽ ሄደሽ የለ? በይ እንግዲህ አስታማሚም እዚያው ግዢ!»

 እሷም መስመር ልትቆርጥ ስትል ደንበኛ በምትጠይቅበት የሥራ ድምፅዋ፣ «ጨርሰሻል?» አለችኝ።

«ጨርሻለሁ!»

መስመሩ ተዘጋ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ፤ ስልኩን ገና ሳላስቀምጥ ነበር የጸጸተኝ። መልሼ ብደውል ማን ይከለክለኝ ነበር? ማንም። እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ እኔም ዋጥኩት።

በቀጣዩ እሁድ ምንም እንዳልተፈጠረ ደወለች። ደህና ነኝ አለች። ሥራሽ እንዴት ነው አለች። ከአፏ ያ ጥያቄ እንዲደገም ጠበቅሁ፤ አንዴ ብቻ ብትደግመው ማሽኑን እንደተከፈተ ጥዬ እሄድ ነበር። አልደገመችውም። በሌላው እሁድም፣ ከዚያም በኋላ ባለው አልደገመችውም። እኔም ከኩራቴ ብዛት «ቀጠሮሽስ?» ብዬ አልጠየቅኳትም። ቀጠሮው ሳይሰረዝባት አይቀርም እያልኩ፣ ልክ እሷን የቀጣሁ ይመስል ዩኒፎርሜን እሰፋለሁ። ወይ ነዶ!

ትምህርት ከተከፈተ ሁለት ወር አልፎ፣ ዩኒፎርሙም ካለቀ በኋላ አንድ እሁድ ስልኩ ሳይጮህ ዋለ። ጠዋት ጠበቅሁ፣ ከሰዓት ጠበቅሁ። ሰኞ ደወልኩ፣ አይነሳም።  የተረፈኝን ለስላሳ ጨርቅ አወጣሁና ማክሰኞን ሙሉ በጎን በኩል ከላይ እስከ ታች በቁልፍ የሚከፈት የመኝታ ልብስ ሰፋሁ፤ ዳሌዋን የታመመች ሴት እግሯን ሳታነሳ እንድትለብሰው። ረቡዕ ፓስፖርቱን ከክሩ መሳቢያ አውጥቼ፣ ጨርቄን ማቄን ሳልል አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አንድ ቀን ተኩል ነው መንገዱ።

የቤቱ አከራይ አንዲት ቀጭን ሴትዮ ናቸው። ክፍሉን ከፈቱልኝ። አልጋዋ ተነጥፏል፣ ሁለት ኩባያ ታጥቦ ተደፍቷል። «ሐኪም ቤት ናት፤ ከተቀደደች አራተኛ ቀኗ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ያለ አስታማሚ?»

«ኧረ አስታማሚ አላት» አሉኝ፣ የማላውቀው በመሆኔ እየተገረሙ።

የጠያቂ ሰዓት ከአስር እስከ አስራ አንድ ነው። በሩ ላይ ዘበኛው የጠያቂዎችን ስም በመዝገብ እየጻፈ ያስገባል። ስምንት አልጋ ያለበት ክፍል ነው፤ እትዬ መስኮቱ ሥር ተኝታለች፣ በእግሮቿ መሃል ትራስ አስቀምጠውላት። አጠገቧ ክንዶቿ የወፈሩ፣ እጅጌዋን እስከ ክርን የሰበሰበች ሴት ቁጭ ብላ ሾርባ ታጠጣታለች። ዓይኔን በጨው አጥቤ ቀረብኩ።

«መጣሽ?» አለች እትዬ።

«መጣሁ።»

«ሥራሽስ?»

«ሥራው ገደል ይግባ!»

«የልጆች ዩኒፎርም ምን አጠፋና ነው ገደል የሚገባው?» አለችና ልትስቅ ስትል አመማት። ሴትዮዋ ቶሎ ብላ ትራሱን አስተካከለችላት።

ማን እንደሆነች እትዬ በአጭሩ ነገረችኝ። ልብስ አጣቢ ነበረች፤ ዕድሜዋን በሙሉ የሆቴል አንሶላ ስታጥብ የኖረች። እሷም ከሌላ አገር ኑሮው ይቀለኛል ብላ ብቻዋን የመጣች፣ የሐሞት ጠጠር ያለባት። አንድ ቀን ሁለቱም አስታማሚ የላችሁም ተብለው ከአንድ መስኮት ተመለሱ። እደጁ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጠው ተያዩ። መጀመሪያ አጣቢዋ ተኛች፤ እትዬ በዚያ ዳሌዋ፣ በከዘራዋ፣ አምስት ቀን ሙሉ ሽንት ስትደፋላት ከረመች። የሷን ቀጠሮ ሴትዮዋ እስክትጠነክር አስተላለፉላት። አሁን ተራው የአጣቢዋ ነው።

«በየእሁዱ ስትደውይልኝ ይሄን ሁሉ እየሠራሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ደግመሽ አልጠየቅሽኝም?» አልኳት። እንባዬ መጥቶ ነበር።

ግራ ተጋብታ አየችኝ። «መለስሽልኝ እኮ» አለች።

በቁጣ ብትናገረኝ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጣችም። ጠየቀች፣ ተመለሰላት፣ ወደ ሌላ ዞረች፤ በቃ። እኔ ነኝ ሦስት ወር ሙሉ ከሌለ ሰው ጋር ስጣላ የከረምኩት።

የሰፋሁትን ልብስ አወጣሁ። አጣቢዋ ከእጄ ወስዳ ስፌቱን ገልብጣ አየች፣ ጨርቁን በሁለት ጣቷ አሸችው፣ ራሷን በአድናቆት ነቀነቀች። ልናለብሳት ስንል እግሯን ላነሳ እጄን ሰደድኩ።

«ተይ፣ እንዲያ አይያዝም፤ ይወልቃል» አለችኝ አጣቢዋ፤ አንድ እጇንም ከእትዬ ጉልበት ሥር፣ አንድ እጇን ከተረከዟ ሥር አድርጋ እንደ ሕፃን አነሳቻት። እትዬ ትንፍሽ አላለችም። እኔ ቁልፎቹን ቆለፍኩ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኳት ሴትዮዋን። «ከእንግዲህ እኔ አለሁ። የአስታማሚነት ካርዱን በኔ እናስቀይረውና አንቺ እረፊ።»

ሁለቱ ተያዩ። ካርዱ በአጣቢዋ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል፤ ፎቶዋ አለበት፣ ማህተም አለበት። ዝምድና በሚለው ቦታ ላይ «እህት» ተብሎ ተጽፏል።

«አንዴ ከተፈረመ አይቀየርም» አለች እትዬ።

«እህት ይላል እኮ!»

«ዘመድ ካልሆነ አይቀበሉም። እኔም ለሷ ስገባ እህት ብዬ ነው የገባሁት።» ቀጠለችና፣ «አሁን ሰዓቱ ደርሷል፤ ዛሬ ሊያቆሙኝ ነው። አንቺ ልጅ፣ ነገ ነይ» አለችኝ።

ደወሉ ተደወለ። የእግር ማለማመጃ ባለሙያው የብረት መደገፊያውን እየገፋ ገባ፣ ጠያቂዎች ወጣን፣ ዘበኛው በሩን ከኋላዬ ዘጋው። አልሄድኩም። እህቴ ትራመድ እንደሆነ ወይም አልጋ ላይ ትቀር እንደሆነ በዚያች ደቂቃ ነበር የሚታወቀው፤ ወዴት ልሂድ? መጀመሪያ የአልጋው ብረት ሲጥ ሲጥ ሲል ሰማሁ። ከዚያ ባለሙያው «አንድ» አለ። ከዚያ እትዬ፣ ያቺ ድምፅ የሌላት እትዬ፣ «ወይኔ እናቴ!» ብላ ጮኸች።

በሩን በሁለት እጄ ያዝኩት። «ክፈትልኝ! እህቷ ነኝ!»

ዘበኛው ትልቅ ሰው ነው፣ ረጋ ያለ። ሳያመናጭቀኝ እጄን ከበሩ ላይ አነሳና መዝገቡን ገለጠ። የመስኮቱን አልጋ ቁጥር ፈልጎ ጣቱን አስቀመጠ።

«እህቷ ውስጥ ናት» አለኝ። «አንቺ ጠያቂ ነሽ። ነገ በአስር ሰዓት ነይ።»

ከውስጥ ባለሙያው «ሁለት» ሲል ሰማሁ፤ ትንሽ ቆይቶም «ሦስት»። አጣቢዋ ጮክ ብላ ሳቀች፤ እትዬም አብራት።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ፊት ቆሜ ነበር።