በር ላይ የቀረችው በትር

ጉያቱ ነገሌ ላይ የኳስ ማሳያ ቤት ከፍታ ልጇን ታሳድጋለች። አንድ ቀን ምን እንደሚያስወጣት ጠንቅቃ ታውቃለች፤ የጄኔሬተሩ ቤንዚን አለ፣ በአህያ የሚመጣው ውሃ አለ፣ የቤት ኪራይ አለ። ሰው ማስቀየም የሚያስወጣውን ግን አላሰበችውም ነበር።

ቡድናቸው የተሸነፈባቸው ጎረምሶች በዱላ ከተፈነካከቱባት ወዲህ፣ “ዱላ በር ላይ ይቀራል” አለች። አንድ እሁድ ኦቦ ዶዮ የሚባሉ ሽማግሌ ኳስ ሊያዩ ከሊበን ገጠር መጡ።

“አካም ጅርቱ፣ እንደምን አሉ ኦቦ! በትርዎን እዚህ ይተዉልኝ” አለቻቸው ጉያቱ።

“ይቺንም?” አሉ።

“የቤቱ ሕግ ነው።”

የቦረና ሽማግሌ በትር ማዕረጉ እንደሆነች ጉያቱ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ ግርግሩ አስቸኮላት። እሳቸውም ሰጧት። ሲወጡ በትራቸውን ከጎረምሶቹ ዱላ ሥር፣ ከአቧራው ውስጥ መዘው አወጡ። በጋቢያቸው ጠረጓትና “ናጋ” ብለው ሰላም ተመኝተውላት ሄዱ። ጉያቱ ደስ ብሏቸው የሄዱ መሰላት።

ጎረቤቷ ሚርያም ግን፣ “አንቺ! ሽማግሌውን ራቁታቸውን አስቀምጠሽ ኳስ አሳየሻቸው?” አለቻት።

ፊቷ ጋለ። በገበያ ቀን ፈልጋ አግኝታቸው ይቅርታ ስትለምናቸው፣ “ምንም አልሆንኩም ልጄ” አሏት። ዳግመኛ ግን አልመጡም። እስከ ዛሬ አንገቷን የሚያስደፋት ያ “ምንም” ያሉት ነው።

አሁን ሽማግሌ በትሩን ይዞ ይገባል። ጉያቱ እናንተንም አንድ ነገር ትለምናለች፤ ቤቷ መጥታችሁ የከፋችሁ ነገር ካለ፣ እባካችሁ እዚያው በሩ ላይ ንገሯት፣ “ምንም አይደለም” ብላችሁ አትሂዱባት።