«ጥቂት ይታ»

ወንድሜ አርባ ዓመት ሙሉ የሱቅ፣ የጋራዥና የመድኃኒት ቤት ሰሌዳ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። የሠፈሩ ሰው «ብሩሽ» ይለዋል። እኔ ታናሽ እህቱ ስለሆንኩ ጋሼ እለዋለሁ፤ በዚህ ሰሞን ግን ሌላ ሌላ ነገር ልለው አፌን ሲበላኝ ከርሟል። ሁለታችንም ትዳር አልያዝንም፣ የምንኖረው አንድ ቤት ነው። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ብሩሽ ካነሳ ቀለሙ ከቆርቆሮው ይልቅ ጫማው ላይ ያርፋል። የጻፋቸው ሰሌዳዎችም አንድ በአንድ እየወረዱ በፕላስቲክ ኅትመት ተተኩ። የመጨረሻው የመድኃኒት ቤቱ ነበር። የወረደ ዕለት ምሳውን ሳይበላ ተኛ።

እኔ የምተዳደረው የሰው ጽሑፍ በኮምፒውተር በመጻፍ ነው። ሳሎን ጥግ የተቀመጠው ኮምፒውተሬ ዕድሜው ገፍቷል፤ ለመከፈት ሦስት ደቂቃ ይፈጅበታል፣ እስከዚያው የደመና ሥዕልና የባዕድ ፊደል ያሳያል። አንድ ቀን ጋሼ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና፣

«ይኼን ማነው የጻፈው? ፊደሎቹ የተኳረፉ ጎረቤቶች ይመስላሉ» አለ።

«ማንም ይጻፈው፣ አሁን ይጠፋል።»

«መለወጥ ይቻላል?»

«አዎ» አልኩ። ያቺን «አዎ» በዋጥኳት ኖሮ! ነገሩ እኮ ቀላል ነው፤ ደመናው አንድ የሥዕል ፋይል ነው፣ በእሱ ቦታ ሌላ ሥዕል በዚያው ስም ካስቀመጡ ማሽኑ ያንን ያሳያል። ጋሼ ወዲያው ወሰነ። በራሳችን ፊደል «ጥቂት ይታገሡ» ተብሎ ይጻፋል። ለእኔ የተላከ መልእክት ነው መሰለኝ።

ሥዕል መሥሪያውን ከፍቼ አጉልቼ አሳየሁት። ሥዕል በጣም ሲጎላ ሁሉም ነገር እንደ ወለል ንጣፍ ትንንሽ ካሬ ይሆናል፤ ማውሱን አንዴ ሲጫኑ አንድ ካሬ ይጠቁራል። ጋሼ እጁ እየተንቀጠቀጠ ቀስቱን ካሬው ላይ እስኪያሳርፍ ጠበቀና ተጫነ። ደግሞ ጠበቀ፣ ደግሞ ተጫነ። ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያዋ «ጥ» ቀጥ ብላ ወጣች። ብዙ ጊዜ አያት።

«አልተንቀጠቀጠችም» አለኝ።

ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ሰውየው ከዚያ በኋላ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ አንድ ሰሌዳ፣ አንድ ብቻ፣ እንደ ድሮው አድርጎ መጨረስ። የእኔ ደስታ ግን ሁለት ቀን አልሞላም። ጋሼ አምስት ካሬ በጨመረ ቁጥር «እስቲ ሲከፈት እንየው» እያለ ማሽኑን ያጠፋና ያበራል። በቀን አሥር ጊዜ! እኔ ወረቀቴን ታቅፌ እቆማለሁ። ይባስ ብሎ ማሽኑ ሥዕሉን ወደ ጎን ይለጥጠዋል፤ ቀጥ ያለችው «ጥ» ማሽኑ ሲከፈት ወፍራም ሆና ቁጭ አለች። ሁለት ቀን አኮረፈ። በሦስተኛው ቀን ቁርስ ላይ ማንኪያውን ጣለና፣

«አስፋልት!» አለ።

አስፋልት ላይ ለሹፌር የሚጻፍ ፊደል ቀጭንና ረጅም ተደርጎ ነው የሚሠራው፣ ከሩቅ ሲታይ ስለሚያጥር። ሁሉንም አፍርሶ እንደዚያው አቅጥኖና አስረዝሞ ሠራቸው፤ ሲከፈት ልክክ አሉ። አደነቅኩት፣ ግን በሆዴ ነው። ጮክ ብዬ ባደንቀው ደግሞ ሊያሳየኝ ማሽኑን ያጠፋው ነበር።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ የመጣው። ለማግስቱ የሚደርስ የመመረቂያ ጽሑፍ እየጻፍኩ በር ተንኳኳና ደንበኛ ላናግር ወጣሁ። ስመለስ ማሽኑ እየተከፈተ ነው። ጋሼ «ይታ» ጋ ደርሶ ሊያያት አጥፍቶ አብርቶታል። እኔ ደግሞ የጻፍኩትን ማሽኑ ላይ አላስቀመጥኩም ነበር። አሥራ አንድ ገጽ! ደሜ ፈላ።

«እጅህ እኮ አልቆለታል!» ብዬ ጮህኩ። «አልቆለታል! ማን እንዲያየው ነው የምትደክመው?»

ማውሱን ቀስ አድርጎ ለቀቀ።

«ልክ ነሽ» አለና ወደ ክፍሉ ገባ።

ምላሴን በቆረጠው። ጽሑፉን ሌሊቱን ስደግም አድሬ አስረከብኩ፤ የተናገርኩትን ግን የምመልስበት መንገድ ጠፋኝ። ይቅርታ ስለው «ምን አጠፋሽ፣ እውነት ነው» ይላል፣ እሱ ደግሞ ከስድብ ይብሳል። «ና ጨርሰው» ስለው «ጨርሻለሁ» ይላል። ጠዋት ጠዋት ማሽኑን ስከፍት ሦስት ደቂቃ ሙሉ «ጥቂት ይታ» የሚል ጽሑፍ ፊት ለፊቴ ይገተራል። ደመናውን መመለስ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ።

ሳምንት ሲሞላ እልህ ያዘኝና ራሴ ልጨርሰው ተቀመጥኩ። የቀሩት ሁለት ፊደል ብቻ ናቸው፣ የእኔ እጅ ደግሞ አይንቀጠቀጥም። ምን ዋጋ አለው! «ገ» ጎብጣ፣ «ሡ» ሰክራ ወጡ። ላጠፋቸው ስል ሐሳቤን ለወጥኩና እንዳሉ ፋይሉ ውስጥ ከተትኳቸው። ጋሼ ውኃ ሊቀዳ በሳሎን ሲያልፍ ጠብቄ ማሽኑን አበራሁ። አለፈ። ሁለት እርምጃ ተመለሰ።

«ማነው ይኼን ያደረገው?»

«እኔ።»

«አንቺ ልጅ፣ ዓይን የለሽም? ሰው ያነበዋል እኮ ይኼን! ‹ገ›ን ምን አድርጋሽ ነው እንዲህ የሰበርሻት? ተነሺ!»

«ጋሼ፣ እስከ ቀትር የማደርሰው ዘጠኝ ገጽ አለብኝ…»

«ተነሺ አልኩሽ!»

የሃምሳ ስድስት ዓመት ሴትዮ ተነሳሁ። ተቀመጠ፣ በግራ እጁ የቀኙን አንጓ ጨብጦ ያዘ፣ ጠበቀ፣ ተጫነ። በእያንዳንዱ ካሬ አንድ ስድብ አወረደብኝ፤ እውር አለኝ፣ አህያ አለኝ፣ ፊደል የማታከብር አለኝ። እኔ ዘጠኙን ገጽ እንደታቀፍኩ ከወንበሩ ጀርባ ቆሜ ስድቡን ሰማሁ፣ እንዲያቆምም አልፈለግኩም።