ከሐይቁ ሥር ያለው መድኃኒት

ፔዳ ሰፈር፣ ከአንድ ጌም ቤት በር ላይ ቆሜያለሁ። በልጅነቴ እንጫወተው የነበረው የዘንዶዎቹ ጨዋታ አዲሱ ክፍል ወጥቷል። ጀግናው አሁንም ቆስሎ ይወድቃል፤ ሰማያዊ መድኃኒት ጠጥቶ ይነሣል።

ያኔ ሐኪሞቹ «የምናደርገው የለም» ብለው እናታችንን ወደ ቤት መልሰዋት ነበር። ስንጫወት ማየት ትወድ ስለነበር እኔና ወንድሜ አልጋዋ አጠገብ ድምፁን ቀንሰን እንጫወታለን። አንድ ቀን አባቷ ሊጠይቋት ከጎርጎራ በጀልባ መጡ። ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ቲቪውን ሲያዩ ቆዩና፦

«ያን መድኃኒት ከየት አገኘው?» አሉ።

«ከሐይቁ ሥር ካለው ከተማ ነው፣ አባባ» አልኋቸው። ከዚያ ደንግጬ «ጨዋታ እኮ ነው» አልሁ።

«እሱንማ አውቃለሁ፣ ልጄ። ቢሆንም መንገዱን እስኪ አሳዩኝ።»

ወንድሜ ከመጀመሪያው ጀመረላቸው። አባባ ጎንበስ ብለው፣ ጀግናው በር በከፈተ ቁጥር «ከዚህስ ወዴት ነው?» እያሉ እስከ መጨረሻው ተከተሉ። እናቴ እጃቸውን እንደያዘች እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

በዚያው ሳምንት አረፈች።

«ግቢ እንጂ፣ እህቴ» አለኝ አንዱ ተጫዋች፣ ወንበር እየለቀቀልኝ። መግባትም መሄድም አቃተኝ።