የእማዬ ጨው መኝታ ቤት ምን ይሠራል?

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ... እማዬ ገበያ እንደወጣች ማድ ቤቷን ገለበጥኩት።

እኔ አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ከገባ ቁጭ ማለት አልችልም። ሰኞ ግንበኛ ይመጣል። አሮጌው የጭቃ ማድ ቤት ሊፈርስና የብሎኬት ሊሠራልን ነው። ብሎኬት ደግሞ አንዴ ከቆመ ቆመ ነው... ተሳሳትኩ ተብሎ አይገፋም። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ሜትር ይዤ ግቢውን ስለካ፣ በአመድ ሳሰምር፣ በእግሬ ሳጠፋ፣ እንደገና ሳሰምር ከረምኩ። እንቅልፍ እንኳ አልወስድ ብሎኝ ነበር።

የምሠራው እዚሁ ላሊበላ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ሼፋችን ደጋግሞ የሚነግረን አንድ ነገር አለ... ቆመሽ እጅሽን ስትዘረጊ የማትደርሺበት ዕቃ ያለ ቦታው ነው የተቀመጠው ይላል። ይህን ይዤ ቤት ስመጣ ዓይኔ የሚያርፈው እማዬ ጉልበት ላይ ነው። ሐኪም መመላለሱን እንድትቀንስ ከነገራት ቆይቷል። እሷ ግን ለአንድ ምስር ወጥ ከማድ ቤት ወደ ዋናው ቤት ሰባት ጊዜ ስትመላለስ በጣቴ ቆጥሬያለሁ።

ለምን መሰላችሁ? ጨዉ ያለው አባባ የሚተኙበት ክፍል መስኮት ላይ ነው። በርበሬው እዚያው ቁም ሳጥን ውስጥ። ዘይቱ አልጋው ሥር። ያውም ጨዉን ከነጣሳው አታመጣውም... በመዳፏ ትንሽ ትይዝና ያንን ድንጋያማ ግቢ እያነከሰች ታቋርጣለች። ወጡን ትቀምሳለች፣ ያንሰዋል ብላ ትመለሳለች። ስጠይቃት ማድ ቤት ከተቀመጠ ይረጥባል ትለኛለች። እኔም በሆዴ አይ የድሮ ሰው እላለሁ።

አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጋሸናን መንገድ በጭነት መኪና የተመላለሱ ሰው ናቸው። አምና ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ አልጋ ላይ ናቸው። ታዲያ ሰው አጠገባቸው ሲቀመጥ አይወዱም። ሊጠይቃቸው የመጣ ጎረቤት ትንሽ ከቆየ ሥራ የለህም ወይ ይሉታል። እኔንማ ብርድ ልብሳቸውን ላስተካክል ስገባ ገና በሩ ላይ ያባርሩኛል።

እና ያን ቅዳሜ ጨዉንም በርበሬውንም ዘይቱንም ሰብስቤ ምድጃው አጠገብ አንድ ጣውላ ላይ ደረደርኩት። ግድግዳው ከመቆሙ በፊት ልሞክረው ብዬ ነው።

እማዬ ከገበያ ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ቆማ ጣውላውን አየችው። ከዚያ ወጡን ጣደች። ወጡ ከወትሮው ግማሽ በሆነ ጊዜ ደረሰ። እኔ ደስ ብሎኝ ስልኬን አውጥቼ ሰዓቱን አሳየኋት።

እሷ ግን አላረፈችም። በርጩማው ላይ ትቀመጣለች፣ ትነሳለች። እስከ በሩ ትሄድና ወደ አባባ መስኮት ታያለች። ልትወጣ ስትል ምን ጎደለሽ፣ እኔ ላምጣልሽ እላታለሁ። ምንም ስላልጎደላት ተመልሳ ትቀመጣለች። ሁለት ሦስቴ እንዲህ አደረግኋት... አሁን ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ።

ከዚያ የከዘራ ድምፅ ሰማን።

አባባ ናቸው። ከታመሙ ወዲህ ያለ ደጋፊ ከአልጋ ሲወርዱ የመጀመሪያቸው ነው። በደህናው እጃቸው ከዘራውን ተመርኩዘው፣ ትከሻቸውን መቃኑ ላይ ጥለው ደፉ ላይ ቆመዋል። ከፊታቸው ያለው ደረጃ ደግሞ ድንጋይ ነው። ሮጠን ያዝናቸው። ላብ በላብ ሆነዋል። ምን ሆነው እንደተነሱ ስጠይቃቸው አላዩኝም፤ እማዬን ነው ያዩት።

«ዛሬ ወጥ አይሠራም እንዴ?» አሉ።

«ተሠራ» አለች።

«ያለ ጨው?»

እማዬ መሬት መሬት አየች። ደግፈን መልሰን አስተኛናቸው።

ደጅ ስንወጣ ነው የነገረችኝ። «ባዶ እጄን የገባሁ እንደሆን ሞቴን ነው የምትጠብቂው ይለኛል። ጨው ልወስድ ከገባሁ ግን አይቆጣም። ያንሳል ይበዛል እያልን እናወራለን... በዚያው ትራሱን አቃናለታለሁ» አለችኝ።

ጉልበትሽስ አልኳት።

«እሱማ እዚያ ስደርስ ነው የሚያርፈው። አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ።»

እኔ እርምጃ ስቆጥር ለካ የምትሄድበትን ጉዳይ አልጠየቅኋትም። አፈርኩ።

ጣሳውን አንስቼ ገባሁ። አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ምን ፈልጌ እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ ጨዉን ልመልስ ነው አልኳቸው። ቀስ ብለው ዞሩና ጣሳውን አዩት። ከዚያ በደህናው እጃቸው መስኮቱን አሳዩኝ። አስቀምጬ ልወጣ ስል ጠሩኝ።

«በርበሬውስ?»

ሰኞ ግንበኛው ሲመጣ በአመድ ያሰመርኩትን ሁሉ በእግሬ አጠፋሁት። አዲሱን ማድ ቤት ከዋናው ቤት ጋር አጣብቆ እንዲሠራውና በሩን ወደ አባባ ክፍል እንዲያወጣልኝ ነገርኩት። ሰውዬው ሜትሩን ይዞ ቆሞ ቀረ። ከማድ ቤት ወደ መኝታ ቤት በር አውጥቶ እንደማያውቅ ነገረኝና ጭሱስ ብሎ ተከራከረኝ። አባባ ከውስጥ ሰምተውት ኖሯል።

«ጭሱን የምችለው እኔ ነኝ፤ አንተ ግድግዳህን ሥራ» አሉት።

ለጭሱ ጣሪያው ላይ መውጫ አበጀንለት። አሁን ከምድጃው እስከ ጨዉ አራት እርምጃ ነው... እማዬ ግን አሁንም ጨው ላምጣ ብላ ከገባች ሩብ ሰዓት ትቆያለች።